ፎቶው መጣ፣ ስሙስ? አፍሪካንና አውሮፓን የሚያገናኙ የበይነ መረብ ዐውደ ርእዮች ከሜልተን ሲታዩ

አፍሪካንና አውሮፓን የሚያገናኝ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ማዘጋጀት ለረጅም ጊዜ ብዙ ወጪና ድካም ያለበት ሥራ ነበር። አዳራሽ መከራየት፣ ምስሎቹን በትልቁ አሳትሞ ፍሬም ውስጥ መክተት፣ በአውሮፕላን መላክ፣ ለፎቶ አንሺውም ቪዛ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ግን አንድ ድረ ገጽ ብቻ የሚበቃበት አሠራር ተስፋፍቷል። በሮም፣ በዙሪክና በለንደን መዛግብት ተቆልፎባቸው የኖሩ የኢትዮጵያ ምስሎች ዛሬ በስልክ ይታያሉ። ሌጎስ ውስጥ የተሰናዳ ስብስብም የአውሮፓ ሙዚየም በሩን እስኪከፍትለት ሳይጠብቅ ለአውሮፓ ተመልካች ይደርሳል።

ለውጡ ከሁለቱም አህጉሮች ርቆ በሚገኝ ስፍራ ላይ ሲታይ ይበልጥ ይጎላል። ሜልተን ከሜልበርን መሀል ከተማ በስተምዕራብ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ በአውስትራሊያ በፍጥነት ከሚያድጉ አካባቢዎች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ቆጠራ የሜልተን ከተማ አስተዳደር ነዋሪ ወደ 179,000 ይጠጋ ነበር። በሜልበርን ምዕራብ የኢትዮጵያውያን ነባር መናኸሪያ ፉትስክሬይ ሲሆን፣ የቤት ዋጋ እየናረ ሲሄድ ቤተሰቦች ወደ ዳር፣ ወደ ካሮላይን ስፕሪንግስ፣ ወደ ታርኔትና ወደ ሜልተን ተስፋፍተዋል። በእነዚህ ቤቶች የሚያድጉ ልጆች የአያቶቻቸውን ዘመን ኢትዮጵያ የሚያዩባቸው ሁለት ምንጮች አሉ። አንደኛው ወላጆች ይዘውት የመጡት አልበም ነው። ሁለተኛው የአውሮፓ መዛግብት በበይነ መረብ የለቀቁት ምስል ነው። በአልበሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስማቸው ይታወቃል፤ ጊዜና ቦታቸው ግን ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። በመዝገቡ ውስጥ ያሉት ደግሞ ጊዜና ቦታቸው ተጽፏል፤ ስማቸው ግን የለም።

የበይነ መረብ ዐውደ ርእይ ዋጋ የሚለካው ይህን ክፍተት በመሙላት አቅሙ ነው። ምስሉ ከአውሮፓ ወጥቶ አዲስ አበባ ወይም ሜልተን መድረሱ የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ የሰውየው ስም፣ የመንደሩ መጠሪያና የቤተሰቡ ታሪክ ወደ መዝገቡ ተመልሶ መግባቱ ነው። እስካሁን የተሞከሩት ዐውደ ርእዮች አንዱ ከሌላው የሚለየው ለዚህ ለሁለተኛው ግማሽ በሰጠው ቦታ ነው።

ካሜራው ከማን ጋር ገባ?

ክፍተቱ የተፈጠረው ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ በገባበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶ አንሺዎችም ነበሩ። ምሽጉን፣ መንገዱን፣ ሰፈሩንና ከእስር የተፈቱትን አውሮፓውያን እያነሡ ለዘመቻው የምስል መዝገብ አዘጋጁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት፣ ታዋቂዋ ፎቶ አንሺ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ልጁን ለብቻው፣ እንዲሁም ከጠባቂው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር አነሣችው። ልዑሉ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ አረፈ። ያኔ የተነሡት ምስሎች ዛሬ በለንደን ሙዚየሞች ድረ ገጾች ላይ ማንም ሊያያቸው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ከመጡት ፎቶ አንሺዎች መካከል ከተገዢና ከገዢ ግንኙነት ውጭ የቆሙም ነበሩ። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በዳግማዊ ምኒልክ አገልግሎት በቆየባቸው ዓመታት የቤተ መንግሥቱንና የአዲስ አበባን አጀማመር የሚያሳዩ ምስሎች ሰብስቧል፤ ስብስቡ የሚገኘው ዙሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 አዲስ አበባ የገባው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጠሉ። የቦያጂያኖች ሥራ ከጦሩ ፎቶ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ተነሺው ራሱ ፈልጎና ለብሶ፣ ክብሩን እንዲያሳይለት አስቦ የተነሣው ምስል ነው። በኋላ በየከተማው የተከፈቱት ፎቶ ቤቶች የቀጠሉት ይህንኑ ወግ ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ካሜራው ወደ ጦሩ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው ሉቼ የተባለው የፋሺስቱ መንግሥት የፊልምና የፎቶ ተቋም በ1935 ለምሥራቅ አፍሪካ ልዩ ክፍል ከፈተ። ተቋሙ ለፕሮፓጋንዳ ያነሣው ሲደመር ወታደሮቹ በግል ካሜራቸው ያነሡት፣ እርስ በርስ የተለዋወጡትና ወደ ቤት የላኩት ምስል እጅግ ብዙ ነው። ከመልክዓ ምድርና ከድልድይ ሥራ ጎን ለጎን የተሰቀሉ አርበኞች፣ የተቃጠሉ መንደሮች፣ ያለፈቃዳቸው ራቁታቸውን የተነሡ ሴቶች አሉበት። አብዛኛው በጣሊያን ቤተሰቦች መሳቢያና ጣሪያ ሥር ቀርቶ፣ ባለቤቶቹ ሲሞቱ ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ወጣ።

መዛግብቱ ሲከፈቱ

የአውሮፓ ተቋማት ስብስባቸውን ወደ ዲጂታል ሲለውጡ ሁሉም አንድ ዓይነት መንገድ አልተከተሉም። የዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምሳሌ ለጥሩም ለጎደሎም ጎን ይጠቅማል። ስዊዘርላንዳዊው አብራሪና ፎቶ አንሺ ቫልተር ሚተልሆልዘር እ.ኤ.አ. በ1934 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተሸጠውን ፎከር አውሮፕላን ከስዊዘርላንድ አዲስ አበባ ድረስ ሲያደርስ በመንገዱ ሁሉ ፎቶ አነሣ። ከወረራው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ፣ ጣናና የሰሜኑ ተራሮች ከሰማይ ምን ይመስሉ እንደነበር የሚያሳዩት እነዚህ ምስሎች ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ የሚተልሆልዘርን ምስሎች ያለ ክፍያ በድረ ገጹ አውጥቷል፤ በዊኪሚዲያ ኮመንስም አስቀምጧል። ማንም አውርዶ ማተም ወይም በመጽሐፍ መጠቀም ይችላል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ለሕዝብ የተከፈተው የማረሚያ በር ነው። ይኸው ቤተ መጻሕፍት የስዊስኤር አየር መንገድን የፎቶ ስብስብ በሚያደራጅበት ጊዜ ጡረታ የወጡ የአየር መንገዱ ሠራተኞች በፎቶዎቹ ላይ ያሉትን ሰዎች፣ አውሮፕላኖችና ጣቢያዎች እንዲለዩለት ጋበዘ። ሥራው ሲሳካ ዕድሉን ለማንኛውም የድረ ገጹ ጎብኚ ሰጠ፤ የሚያውቅ ሰው አስተያየቱን ይጽፋል፣ ሠራተኞቹ አጣርተው መግለጫውን ያርማሉ። ጎደሎው ያለው በቋንቋው ነው። መግለጫው በአብዛኛው በጀርመንኛ የተጻፈ ነው፤ የቦታ ስሞችም በጀርመንኛ አጻጻፍ ሰፍረዋል። በአማርኛ «ጣና» ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚጠብቀውን አያገኝም። የሚያርመው ሰው ሜልተን ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ እያለ በሩን የሚያገኘው ጀርመንኛ ወይም እንግሊዝኛ ካወቀ ብቻ ነው።

የሉቼ መዝገብም በበይነ መረብ ለእይታ ክፍት ሆኗል። ምስሎቹ የሚገኙት ግን ተቋሙ በጣሊያንኛ ባዘጋጀው ዝርዝር ነው፤ ለፕሮፓጋንዳ የተነሣ ምስል በአንሺው ዓይን ብቻ ከተገለጸ የድሮው አመለካከት በአዲስ ቴክኖሎጂ ዳግም ይሰራጫል። በፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮቤኒየስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1950ዎቹ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ከላካቸው የጥናት ጉዞዎች የተገኙ ምስሎችንም በዲጂታል መዝገቡ ያሳያል። ምስሉን ማየት ተችሏል፤ መግለጫ የመጻፍ ሥልጣን ግን በአብዛኛው ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም።

ፕሮጀክት 3541

ይህን ሥልጣን ለማንቀሳቀስ በግልጽ ከተነሡት ሥራዎች አንዱ ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ የመሠረተችው «ፕሮጀክት 3541» ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ያለውን የጦርነት ዘመን ያመለክታል። አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ በአብዮቱ ዘመን ከአገር የወጣችው መዓዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለታተመውና በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር ለበቃው «ዘ ሻዶው ኪንግ» ለተሰኘው ልብ ወለዷ ስታጠና በጣሊያን የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች የወታደሮችን ፎቶዎች ለዓመታት ገዝታ አጠራቀመች። ድረ ገጹ ከእነዚህ ፎቶዎች ተነሥቶ ለሌሎችም በሩን ከፍቷል፤ ኢትዮጵያዊም ጣሊያናዊም ቤተሰብ በእጁ ያለውን ፎቶና ስለ ፎቶው የሚያውቀውን ታሪክ ሊያካፍል ይችላል።

የፕሮጀክቱ ጥንካሬ ሁለት ዓይነት ዝምታን በአንድ ገጽ ማገናኘቱ ነው። በጣሊያን በኩል አያት አፍሪካ ያደረገው ነገር በቤተሰብ ውስጥ አይነሣም ነበር፤ ፎቶው መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ታሪኩ ግን አልተነገረም። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ የአርበኛው ታሪክ በቃል ይነገራል፣ ቤቱ ሲቃጠልና ሰው ሲሰደድ ግን ፎቶው ጠፍቷል። ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ከቀሩት የምስል ማስረጃዎች ብዙዎቹ ወራሪዎቹ ራሳቸው ያነሷቸው ናቸው። አንሺው ለጀብዱ ማስታወሻ ብሎ ያስቀመጠው ምስል በተጠቂው ወገን ሲነበብ ማስረጃ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁሉን ነገር የማሳየት ጥያቄ ይነሣል። ራቁቷን እንድትቆም የተገደደች ልጅን ፎቶ ድረ ገጽ ላይ መልሶ መለጠፍ የመጀመሪያውን በደል መድገም ሊሆን ይችላል። ልብ ወለዱ ለዚህ የራሱን መልስ ሰጥቷል፤ በምዕራፎቹ መካከል ፎቶዎችን በቃላት ብቻ የሚገልጹ አጫጭር ክፍሎች አሉት። ምስሉ አይታይም፤ አንባቢው ግን ማን እንደቆመች፣ ወዴት እንደምታይ፣ ካሜራውን የያዘው ሰው ምን እንደፈለገ ይረዳል። ይህ ዘዴ ለማንኛውም የበይነ መረብ ዐውደ ርእይ አዘጋጅ ትምህርት አለው፤ አንዳንድ ምስል መኖሩ ተነግሮ፣ ይዘቱ ተገልጾ፣ ራሱ ግን ለተመራማሪ ብቻ ሊቀመጥ ይችላል።

ከአፍሪካ የሚነሣው መንገድ

ከመዝገብ ሌላ ዛሬ የሚነሣው ፎቶ ራሱን የቻለ ጉዞ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት በየሁለት ዓመቱ የአፍሪካን፣ የአውሮፓንና የሌሎች አህጉሮችን ሥራ አዲስ አበባ ላይ ጎን ለጎን ሲያቀርብ ቆይቷል። ቀደም ሲል አፍሪካዊ ፎቶ አንሺ ለመታወቅ ብዙ ጊዜ ወደ ፓሪስ መሄድ ነበረበት፤ ፌስቲቫሉ ይህን ጉዞ ገለበጠው፣ አውሮፓዊው ሥራውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ መጣ። አይዳ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2019 ለኦስሎው የኖቤል የሰላም ማእከል ዐውደ ርእይ ተመርጣ ሠርታለች፤ ዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የተሸለሙበት ነበር። ደማቅ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ የሚታይባቸው፣ በሰውነት ላይ በሚቀባ ቀለም የሚታወቁት ሥራዎቿ በማህበራዊ ሚዲያ ከአዳራሽ ተመልካች እጅግ ለሚበዛ ሰው ደርሰዋል።

ሙሉ በሙሉ በበይነ መረብ የተካሄደውና ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚሆነው ደግሞ የሌጎስ ፎቶ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2020 ያቀረበው «ሆም ሙዚየም» ነው። ወረርሽኙ አዳራሾችን በዘጋበት ዓመት የፌስቲቫሉ መሥራች አዙ ንዋግቦጉ፣ ክሌሜንቲን ዴሊስን ጨምሮ ከአፍሪካና ከአውሮፓ ከተውጣጡ አዘጋጆች ጋር ለሕዝብ ጥሪ አቀረበ። ማንኛውም ሰው በቤቱ ያለውንና እንደ ቅርስ የሚቆጥረውን ነገር ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ ተጠየቀ። ተዘርፎ በአውሮፓ ሙዚየሞች የሚገኝ ቅርስ ይመለስ የሚለው ክርክር በተጋጋለበት ወቅት፣ ይህ ሥራ ሙዚየም ምን እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ወደ ተራው ሰው ቤት አወረደው። ባለሙያ ፎቶ አንሺ መሆን አላስፈለገም፤ መግለጫውን የጻፈው ራሱ ባለቤቱ ነበር።

ሜልተን እንደ ሦስተኛ ማእዘን

በዚያው ወረርሽኝ ሜልበርን ከዓለም ረጅሙን የቤት ውስጥ መቀመጥ ካሳለፉ ከተሞች አንዷ ሆነች፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በስድስት ዙር 262 ቀን ተዘግታለች። ከነሐሴ 2020 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ ነዋሪው ከቤቱ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ተከለከለ፤ ገደቡ በጥቅምት ወደ 25 ኪሎ ሜትር ሲሰፋ እንኳ የሜልተን ነዋሪ መሀል ከተማ የሚገኙትን ሙዚየሞች መድረስ አይችልም ነበር። የሜልበርን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመጀመሪያ ዝግጅትም ከ2020 ወደ 2021 ተሸጋገረ። ለከተማ ዳር ነዋሪ ግን ሙዚየሙ ድሮም ሩቅ ነበር፤ ዐውደ ርእይ ወደ ስክሪን መምጣቱ ከማንም ይልቅ የጠቀመው እርሱን ነው።

ኢትዮጵያውያን ወደ አውስትራሊያ በብዛት መምጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በልዩ የሰብአዊ ዕርዳታ መርሐ ግብር ነው። ብዙዎቹ ከሱዳን ወይም ከኬንያ የስደተኛ ሰፈር አልፈው ስለመጡ የያዙት ፎቶ ጥቂት ነው፤ ለመታወቂያ የተነሣ ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ ምስል፣ የፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ለፊት የተነሣ ቤተሰብ። ከዚህ ዓይነት ምስል ትልቅ ጥበብ ሊወጣ እንደሚችል ያሳየችው አቶንግ አተም ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደችው ይህች የደቡብ ሱዳን ተወላጅ፣ በኬንያ የካኩማ ስደተኞች ሰፈር አልፋ በ1997 አውስትራሊያ ገባች፤ የምትሠራውም ሜልበርን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረችው «ስቱዲዮ ሲሪስ» የማሊዎቹን የሴዱ ኬይታንና የማሊክ ሲዲቤን የፎቶ ቤት ወግ ተከትሎ በሜልበርን የሚኖሩ ወጣት አፍሪካውያንን በአበባማ ጨርቅና በደማቅ መጋረጃ ፊት ያሳያል። «ሱራት» የተሰኘው መጽሐፏ ደግሞ ከቤተሰቧ አልበም ተነሥቶ የዘመዶቿን አቋቋምና አለባበስ እርሷ ራሷ እየተካች መልሳ ያነሣችበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የለንደኑ ቴት ሞደርን «ኤ ዎርልድ ኢን ኮመን» በሚል ርእስ የአፍሪካን የዛሬ ፎቶግራፍ ሲያሳይ የአይዳ ሙሉነህና የአቶንግ አተም ሥራዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ቀረቡ። የአንደኛዋ ሥራ ከአዲስ አበባ ተነሣ፣ የሁለተኛዋ ከሜልበርን፤ የተገናኙት አውሮፓ ውስጥ ነው። አፍሪካንና አውሮፓን የሚያገናኘው መንገድ ሁለት ጫፍ ብቻ እንደሌለው፣ በስደት የተፈጠሩ ማእዘኖች እንዳሉትም ከዚህ ይታያል።

መሰናክሎቹ

የመጀመሪያው መሰናክል መስመሩ ራሱ ነው። የበይነ መረብ ዐውደ ርእይ ለሁሉም ክፍት ነው ሲባል ኢንተርኔት ላለው ሁሉ ማለት ነው። በኢትዮጵያ አብዛኛው ሕዝብ ቋሚ የኢንተርኔት ተጠቃሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ማብቂያ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ በመላው አገሪቱ ግንኙነቱ ለሳምንታት ተቋርጧል፤ በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል። የጎንደርን የድሮ ምስል ሜልተን ያለው በቀላሉ ሲያየው ጎንደር ያለው ላያየው ይችላል። ከዚህ የተነሣ የማረም ዕድሉም ለቅርብ ምስክሩ ሳይሆን ለሩቁ ተመልካች ያዳላል።

ሁለተኛው የመብት ጥያቄ ነው። የቅጂ መብት የሚጠብቀው አንሺውን እንጂ ተነሺውን አይደለም። አንሺው ከሞተ ሰባ ዓመት ሲያልፍ በአብዛኛው የአውሮፓ አገር ፎቶው የሁሉም ይሆናል፤ የተነሺው ልጅና የልጅ ልጅ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሕግ የተጠየቁበት ጊዜ የለም። የቤተሰብ አልበም ወደ ድረ ገጽ ሲወጣም አደጋው አለ፤ አንዴ የተለጠፈ ምስል ያለ ባለቤቱ ዕውቅና በማስታወቂያና በቲሸርት ላይ ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛው ምስልን በዕቃ ምትክ የማቅረብ ፈተና ነው። ከመቅደላ የተወሰዱ ቅርሶች ጉዳይ ሲነሣ ዲጂታል ቅጂ እንደ ካሳ የሚቀርብበት ክርክር አለ። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 የመቅደላን 150ኛ ዓመት አስመልክቶ ዕቃዎቹን ባሳየበት ጊዜ ዳይሬክተሩ የረጅም ጊዜ ውሰት ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ የኢትዮጵያ ጥያቄ ግን የመመለስ ነው። የልዑል ዓለማየሁ አጽም እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለውም። የልጁን ፊት በስክሪን አጉልቶ ማየት መቻል ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ሲያየው ጥያቄው ይበረታል።

ከማየት ወደ መሳተፍ

ከእነዚህ ተሞክሮዎች ተጨምቆ የሚወጣው አሠራር ውድ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚቀርብ ስብስብ ቢያንስ የሰውና የቦታ ስሞችን በግእዝ ፊደል መያዝ አለበት፤ ይህ ከሌለ የሚያውቀው ሰው ፈልጎ ሊያገኘው አይችልም። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው የአንሺው መግለጫ ሳይሰረዝ፣ አዲሱ ከነተናጋሪው ማንነትና ቀን ጎኑ መቀመጥ ይገባዋል። «የአገሬው ሰው» ተብሎ የተጻፈበት ፎቶ ላይ የሰውየው ስም ሲታከል ተመልካቹ ሁለቱንም አይቶ ዘመኑ እንዴት ያስብ እንደነበር ይረዳል። ሦስተኛ፣ አዋራጅ ምስሎች በነባሪነት መከፈት የለባቸውም። አራተኛ፣ ፋይሉ በአንድ የአውሮፓ ሰርቨር ላይ ብቻ እንዳይቀር እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ያለ የአገር ውስጥ ባለ አደራም ሙሉ ቅጂ ሊኖረው ይገባል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንኳ ተማሪው ገብቶ ሊያየው ይችላልና።

ሜልተንን በመሰለ ስፍራ ለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ በእጅ አለ። የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ነፃ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ያቀርባሉ። በስልክ መተግበሪያ የድሮ ፎቶ ጥራት ባለው መልኩ መቅዳት ይቻላል። በ1980ዎቹ የመጡት ሰዎች ዛሬ በጡረታ ዕድሜ ላይ ናቸው፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የነበረውን ኢትዮጵያ በዓይናቸው አይተውታል፤ የወረራውን ዘመንም ከአባቶቻቸው አፍ ሰምተዋል። ልጆቻቸው እንግሊዝኛውንና ቴክኖሎጂውን ያውቃሉ። ሁለቱ ትውልዶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የቤታቸውን አልበም ከመመዝገብ አልፈው የዙሪክንና የሮምን መግለጫ ሊያርሙ ይችላሉ። ሥራው አስቸኳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፦ ፋይሉ በሰርቨር ላይ ለአሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ በፎቶው ላይ ያለውን ሰው በስሙ የሚጠራው ምስክር ግን አይቆይም። አፍሪካንና አውሮፓን አገናኛለሁ የሚል ዐውደ ርእይ ከምስሎቹ ብዛት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ስም እንደመለሰ ነው።